ስፒከር ምን ያቃጥለዋል? ቱይተሩ ከሰርግ ሲመለስ ጭጭ ብሏል

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ከረማችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ቤቴ ሁለት ወለል ላይ የሚቆሙ ስፒከሮች አሉኝ። በየሳጥኑ ባስ የሚያወጣ አንድ ባለ 8 ኢንች ዉፈርና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ቱይተር አለ። ጀርባቸው ላይ 8 ኦም፣ 80 ዋት ይላል። አምፑ (አምፕሊፋየሩ) የድሮ ስቴሪዮ ነው፤ በአንድ ቻናል 30 ዋት ይሰጣል። የምሰማው ረጋ ያለ ነገር ነው። ባቲ፣ አምባሰል፣ አልፎ አልፎ መንዙማ።

ሰሞኑን የዘመድ ሰርግ ነበርና ዕቃው ዳስ ውስጥ ገባ። ሲመለስ የግራው ስፒከር ታፍኗል። ባሱ እንዳለ ነው። የማሲንቆው ጭረት ግን የለም። ጭብጨባው ከብርድ ልብስ ስር የሚመጣ ይመስላል። ጆሮዬን ቱይተሩ ላይ ስለጥፍ ጭጭ።

ያልገባኝ ይሄ ነው። ስፒከሩ 80 ዋት ይችላል። አምፑ 30 ብቻ ነው ያለው። ታዲያ በምን አቅሙ አቃጠለው? ልጆቹ "ቮሊዩሙን ጥግ አላደረስነውም" ይላሉ፤ አምናቸዋለሁ።

ፍላሽ በኪሴ (ወልድያ)

መብራት ነው ወንድሜ፣ ሌላ አትፈልግ። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ሁሉ ቦግ ይላል። የጎረቤቴ ዴክ እንደዚያ ሆኖ ነው የሄደው። ደግሞ ትልቅ አምፕ እንዳትገዛ። ስፒከር የሚበላው ትልቅ አምፕ ነው።

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

አብሽር የጦሳ ልጅ። የሄደው ቱይተር ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የወልድያው ወንድሜ ያነሳው የመብራት ነገርም እውነት አለው፤ እመለስበታለሁ። ግን ባስ እየሠራ ቱይተር ብቻ ሲሞት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ ተነድቷል።

የድምፅ ሞገድ ጫፉ ክብ ነው። ይወጣል፣ ይወርዳል። 30 ዋት አምፕ ከዚያ በላይ ስትጠይቀው ጫፉን ማውጣት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ይቆርጠዋል። እኛ "ክሊፕ አደረገ" እንላለን። ከዚህ ሁለት ጣጣ ይመጣል። አንደኛ፣ ጫፉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሊሆን የደረሰ ሞገድ የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል። 30 ዋት የተባለው አምፕ ወደ 60 ሊጠጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ሙዚቃው ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል። ቀጭን ድምፅ ደግሞ የሚሄደው በቀጥታ ቱይተር ጋ ነው።

80 ዋት የሚለው ጽሑፍ ለጠቅላላው ሳጥን እንጂ ለቱይተሩ አይደለም። በደህናው ጊዜ አብዛኛው የሙዚቃ ኃይል ባስና መሀከለኛው ድምፅ ጋ ይቀራል። ቱይተር የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ፋብሪካውም ጥቂት ዋት እንዲችል አድርጎ ይሠራዋል። ፈተህ ብታየው ኮይሉ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚገባበት የሽቦ ጥቅል፣ እጅግ ቀጭን ሽቦ ነው። ክሊፕ ሲመጣ የፋብሪካው ሒሳብ ይፈርሳል። ሽቦው ይግላል፣ ቫርኒሹ ይጠቁራል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል።

"ጥግ አላደረስነውም" ያሉት ልጆች እውነታቸውን ነው። የቮሊዩም ቁልፍ ግማሽ ላይ ነው ማለት አምፑ በግማሽ ኃይሉ ይሠራል ማለት አይደለም። ከስልክ ወይም ከሚክሰር ጠንካራ ድምፅ ከገባ ቁልፉ መሀል ሳይደርስ አምፑ ጨርሷል። ባስ ከተጨመረበት ይብሳል። በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ከፍ ማድረግ እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። በ10 ዴሲቤል ከፍ ካደረግከው 10 እጥፍ። ሰዉ ግን ባሱን ጥግ አድርሶ፣ ትሬብሉን ጥግ አድርሶ፣ "ቮሊዩሙ ገና ነው" ይላል።

ዳስ ደግሞ እንደ ቤት አይደለም። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ይመልስልሃል። ሸራ ስር ይበተናል። ሰው ሲበዛ ይጨመራል፣ ጆሮ ሲለምድ ይጨመራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ኮይል ሲግል የመዳቡ ሬዚስታንስ ይጨምርና ስፒከሩ በራሱ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል። ያኔ አጫዋቹ "ቀነሰ እኮ" ብሎ እንደገና ይጨምራል። ማረፍ ያለበትን ዕቃ ሌላ ሸክም ይጭኑበታል።

ስፒከር ሳይናገር አይሞትም። "ሰ" እና "ሽ" የሚሉት ድምፆች ሲሻክሩ፣ ከበሮው ጥርት ማለቱን ትቶ ሲላሽቅ፣ ዘፋኙ የሚንቃቃ ሲመስል አምፑ ጨርሷል ማለት ነው። ያኔ ወዲያው መቀነስ ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተህ ግን ረፍዷል።

ኪቦርድ ተጫዋቹ (ደሴ)

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ልጨምር። ሰርጉ ላይ ማይክ ነበር? ማይክ ከስፒከሩ ፊት ሲቆም የሚመጣው "ፊይይይ" የሚል ጩኸት ቱይተር ገዳይ ነው። አንድ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ሳያቋርጥ፣ በሙሉ ኃይል። ሙዚቃ እንኳ ትንፋሽ አለው፤ ይሄ የለውም። መራቂ ሽማግሌ ማይኩን ይዘው ወደ ስፒከሩ ሲጠጉ ስንቴ አይቻለሁ።

በዚያ ላይ የቤት ስፒከር ለሰርግ አልተሠራም። ሞንታርቦ በኪራይ ይገኛል። የመድረክ ስፒከር ኮይሉ ወፍራም ነው፣ ቱይተሩም ለዚህ የተሠራ ነው። ዘመድ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለኪራዩ ማዋጣት ግን ይቀላል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ማይክ ነበረ። ጩኸቱም ነበረ፤ እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ።

ባቲ ቅኝት (ባቲ)

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ቦታ አልተስማማሁም። ጥፋቱ ሁሉ የትንሽ አምፕ ከሆነ ሰዉ ሄዶ ትልቅ አምፕ ሊገዛ ነው። እኛ ጋ አንድ ቤት ባለ 200 ዋት አምፕ ከትንንሽ ስፒከሮች ጋር ገጠሙ። ሞቅ ያለ ዘፈን ተከፈተ። ከዚያ "ጧ ጧ" የሚል ድምፅ መጣና ዉፈሩ ተሰነጠቀ። ክሊፕ አልነበረም። ጉልበት ነው የገደለው።

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

ልክ ብለሃል፤ ይሄን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ስፒከር በሁለት መንገድ ይሞታል። አንዱ በሙቀት ነው፤ ያ የቱይተሩ ዓይነት ነው። ሌላው በጉልበት ነው፤ ያየኸው እሱ ነው። ኮኑ፣ ያ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚያወጣው ፊቱ፣ መሄድ ከሚችለው በላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ኮይሉ ከኋላ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል። የሰማኸው "ጧ" እሱ ነው። ከዚያ ኮይሉ ይጣመማል፣ ወይ ኮኑ ከጠርዙ ይቀደዳል።

ጀርባቸው ወይም ፊታቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ሳጥኖች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሳጥኑ ከተሠራበት ድምፅ በታች የወረደ ባስ ሲመጣ ውስጥ ያለው አየር ኮኑን አይዘውም። ኮኑ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዓይንህ ያየዋል፤ ድምፁ ሳይጨምር ኮኑ ሲንቀጠቀጥ ካየህ ባሱን ቀንስ።

ስለዚህ ለወልድያውም ለአንተም አንድ ላይ ልመልስ። ተለቅ ያለ አምፕ በልኩ ከተከፈተ ለስፒከር ጤና ነው፤ ጫፉን ሳይቆርጥ ያወጣዋል። አለልክ ከተከፈተ ይሰብራል። ትንሽ አምፕም አለልክ ከተከፈተ ያቃጥላል። ዞሮ ዞሮ ቁልፉን የያዘው እጅ ላይ ነው ጉዳዩ። ለአንድ መደበኛ ሳሎን ደግሞ ረጋ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው 1 ወይም 2 ዋት በቂ ነው። ብዙ ሰው ይሄን አያምነኝም።

ዋት ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ። "1200 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ" የሚለው ለሽያጭ የተጻፈ ነው። የምትፈልጉት አር.ኤም.ኤስ የሚለውን፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። እሱ ከሌለ የዕቃውን ጀርባ ገልብጣችሁ ከመብራት ስንት ዋት እንደሚወስድ አንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 1200 ዋት ሊሰጥ አይችልም። ከየት አምጥቶ?

ኡሙ ሰሚራ (ከሚሴ)

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ ቤት ጮክ ብሎ የሚከፍት የለም። ግን ከአባቴ የቀሩ ስፒከሮች አሉ። ለረጅም ጊዜ ተሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ሰሞኑን ስከፍታቸው ባሱ ይንጣጣል። ፊቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አንስቼ አየሁት። በኮኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር በጣት ስነካው ፍርክስክስ አለ። ጣቴ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ቀረ። ማንም ሳይከፍተው እንዴት ተበላሸ? የአባቴ ስለሆኑ መጣል አልፈልግም።

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። አትጣያቸው፤ የሚድን ነገር ነው። የነካሽው ፎም ይባላል። ሳይከፈትም በዕድሜ ይሞታል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ሲጠጋው መፈርፈር ይጀምራል። ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ያፋጥኑታል። ከሚሴ ደግሞ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ጎማ የሆነው ጠርዝ በጣም ይቆያል።

ለጊዜው ግን አትክፈቻቸው። ይሄን አደራ። ያ ፎም ኮኑን መሀል ላይ የሚይዘው ነው። እሱ ሲሄድ ኮይሉ ከመሀል ይወጣና ብረቱን ይፈትጋል። አሁን ፎም ብቻ ነው የሚቀየረው። ኮይሉ ከተላጠ ግን ወጪው ሌላ ነው። ለማየት ከፈለግሽ የኮኑን መሀል ዙሪያውን በጣቶችሽ እኩል አድርገሽ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፊው። ዝም ብሎ ከሄደና ከተመለሰ ደህና ነው። "ክርክር" የሚል ነገር ከሰማሽ ኮይሉ እየተፋተገ ነው።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

የኡሙ ሰሚራን ሳነብ የኛ ቤት ትዝ አለኝ። ስፒከሩን መሬት ላይ አስቀምጠን ሲሚንቶው ሲታጠብ ውሃው ከስሩ ይገባ ነበር። ሳጥኑ ድፍን እንጨት አይደለም፤ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል። ከታች ተነፋ፣ ማጣበቂያው ለቀቀ፣ ከዚያ ባስ ሲመጣ ሳጥኑ ራሱ ይንቀጠቀጣል። አሁን ከስሩ እንጨት አድርገን ከፍ አድርገነዋል።

አይጥንም አትርሱ። ከኋላ ባለው ቀዳዳ ትገባለች። ውስጥ ያለው ጥጥ ይመቻታል፣ የወረቀት ኮኑንም ትበላለች። ቀዳዳው ላይ ቀዳዳዎቹ ሰፋ ያሉ ወንፊት ሽቦ ብታደርጉ አየሩ ያልፋል፣ እሷ አታልፍም። በጨርቅ ግን አትድፈኑት፤ የባሱ መውጫ ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቹ (ደሴ)

ቡናም አለ እኮ። ስፒከር በየቤቱ ጠረጴዛ ሆኗል። ረከቦቱ ጎን፣ ከሰል ምድጃው ስር፣ ላዩ ላይ ሲኒ። ሙቀቱ ፎሙን ያደርቀዋል፣ የዕጣኑ ጭስ ከአቧራ ጋር ኮኑ ላይ ይጣበቃል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱ። እርጥብ ጨርቅ ለወረቀት ኮን አይሆንም።

ሕፃን ካለ ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን ክዳን አታንሱት። ሕፃን መሀል ላይ ያለችዋን ጉብ ያለች ነገር ካየ ሳይጫናት አያልፍም። ዉፈር ላይ ከሆነ በፕላስተር ስቦ ማውጣት ይቻላል። የቱይተር ጉልላት ግን ስስ ነው፤ ባትነካኩት ይሻላል።

ፍላሽ በኪሴ (ወልድያ)

ጋሼ፣ መብራቱን እመለስበታለሁ ብለው ነበር። ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ስፒከር አለኝ፣ ሁለት ልጨምር ነው። አምፑ ላይ ያለችው መግቢያ ግን ለሁለት ብቻ ናት። እዚያው ላይ ሁለቱን ገመድ አብሬ ባስገባ ምን ይሆናል?

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

መብራቱ ይኸውልህ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ሄዶ ሲመለስ ግን ለቅጽበት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። አምፑ ክፍት ሆኖ ከጠበቀው ያ ጉልበት ይገባበታል፤ ስፒከሩም "ዱብ" የሚል ድምፅ ያወጣል። መብራት ሲሄድ አምፑን ማጥፋት፣ ከቻልክ ፊሻውን መንቀል፣ ሲመጣ እስኪረጋጋ ጥቂት መጠበቅ። ስታብላይዘር ካለህ መልካም። በጄኔሬተር የምትሠራ ከሆነ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ አምፑን አትክፈት።

የመክፈቻ ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ ስልኩን ወይም ማጫወቻውን፣ መጨረሻ ላይ አምፑን። ስትዘጋ መጀመሪያ አምፑን። አምፑ ክፍት ሆኖ የድምፅ ገመዱን የምትነቅልና የምትሰካ ከሆነ ያ "ቧ" የሚለው ድምፅ ኮኑን በቡጢ መምታት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ከበድ ይላል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አንድ መግቢያ ላይ ሲሰኩ 8 አይሆኑም፣ 16ም አይሆኑም። 4 ኦም ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ከሆኑ 2 ይሆናሉ። ኦም ማለት ስፒከሩ ኮረንቲን የሚከለክልበት ልክ ነው፤ ኦሙ ሲወርድ አምፑ የሚያወጣው ኮረንቲ ይጨምራል። የአምፑን ጀርባ አንብብ። "ከ4 እስከ 16 ኦም" ካለና ስፒከሮችህ ባለ 8 ከሆኑ ይችላል። "8 ኦም" ብቻ ካለ አትሞክረው። ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ የመውጫው ትራንዚስተር ሾርት ያደርጋል።

ያኔ ነው አደጋው ወደ ስፒከሩ የሚዞረው። ሾርት ያደረገ አምፕ ሙዚቃ መላኩን ትቶ እንደ ባትሪ ያለ ቀጥ ያለ ኮረንቲ ይልካል። ዉፈሩ ወደ አንድ ጎን ይወጣና እዚያው ይቀራል። "እምምም" ይላል። ይሄን ካየህ ምን ሆነ ብለህ አትመርምር፤ ፊሻውን ንቀል። የዉፈር ኮይል በዚህ ሁኔታ ብዙ አይቆይም። አንዳንድ አምፕ ቶሎ የሚቆርጥ ሪሌ አለው፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ የላቸውም።

ገመዱንም እይ። ከላጥከው ጫፍ አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ከነካች ያው ሾርት ነው። 1 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ላጥ፣ ክሮቹን ጥምዝዝ አድርገህ አስገባ፣ ከዚያ ሳብ ሳብ አድርገህ እይ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ነው የገባኝ። ቴስተር ተውሼ ለካሁ። ከሳጥኑ ውስጥ ወደ ቱይተር የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ስለካ የግራው ምንም አያሳይም። ሞቷል ብዬ የቀኙን ለካሁ። እሱም ምንም አያሳይም! የቀኙ ግን ሲዘፍን እየሰማሁት ነው። ምንድን ነው ነገሩ? ለመግዛት ወደ ፒያሳ ልወጣ ነበር።

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

ቆይ፣ አትግዛ። ቱይተር ብቻውን አይገናኝም፤ መንገዱ ላይ ካፓሲተር አለ። ባስ እንዳይገባበት የሚከለክለው እሱ ነው። ካፓሲተር የቴስተርህን ባትሪ አያሳልፍም። ስለዚህ ከካፓሲተሩ በፊት ከለካህ ጤነኛውም የሞተ ይመስላል። አንዱን ሽቦ ከቱይተሩ እግር ንቀልና ቀጥታ ሁለቱ እግሮች ላይ ለካ። ባለ 8 ኦም ከሆነ 6 ወይም 7 አካባቢ ያሳያል። ባለ 4 ከሆነ 3 አካባቢ። ተበጥሶ ከሆነ ምንም አያሳይም። ዉፈሩንም በዚያው ለካው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አንቱ እንዳሉት አደረግኩ። የቀኙ ቱይተር 6.3። ዉፈሮቹ ሁለቱም 6.5 አካባቢ። የግራው ቱይተር ምንም። ፈትቼ ሳየው ኮይሉ ጠቁሯል፣ ሽቦው እግሩ ጋ ሳይደርስ ተበጥሷል። ሽታውም አለ። ካፓሲተሩ ላይ 4.7 ይላል።

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

እንግዲህ እሱ ነው። ጥሩ ነው፣ ዉፈርህ ተርፏል።

አሮጌውን ቱይተር ይዘህ ሂድ። ባለ 8 ኦም መሆኑን፣ የቀዳዳው ስፋት መግጠሙን እይ። ከቻልክ ሁለቱንም ቀይር፤ የተለያየ ዓይነት ግራና ቀኝ ሲሆን ድምፁ ወደ አንዱ ያዘነብላል። ጤነኛውን ለመጠባበቂያ አስቀምጠው።

አደራ የምልህ ካፓሲተሩን ነው። አንዳንድ ጠጋኝ ለፍጥነት ብሎ ቆርጦ ይጥለውና ሽቦውን በቀጥታ ያገናኛል። መጀመሪያ ድምፁ ጎላ ይላል፣ ሰዉም ይደሰታል። ባስ ሲገባበት ግን ያ አዲስ ቱይተር ይሄዳል። 4.7 ማይክሮ ፋራድ ከ8 ኦም ጋር ከ4000 ኸርዝ ትንሽ ከፍ ካለው በታች ያለውን እየቀነሰ ይከለክላል። መቀየር ካለበት በ4.7 ይቀየር፤ ፕላስና ማይነስ የሌለው ዓይነት ይሁን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁለቱንም ቀየርኩ። ካፓሲተሩን አልነካሁትም። ማሲንቆው ተመልሷል፤ ጭብጨባውም ግራና ቀኝ ይለያል። ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ። ለሚቀጥለው ሰርግ ለሞንታርቦ ኪራይ እንደማዋጣ ለዘመዶቼ ነግሬያለሁ።

ኡሙ ሰሚራ (ከሚሴ)

ማሻአላህ። እኔም ጣቶቼን አድርጌ ገፋሁት ጋሼ። ዝም ብሎ ሄዶ ተመለሰ፤ ምንም አይፈትግም። ፎሙን ለማዘዝ ምን ብዬ ልጠይቅ? "8 ኢንች" ብል ይበቃል?

የድሮ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)

አልሃምዱሊላህ። አይበቃም እህቴ፤ 8 ኢንች የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። በሚሊሜትር ለኪ። ፎሙ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅበት የውጪው ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር ስንት ነው? የወረቀቱ ኮን ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ስንት ነው? የፎሙ ጉብታ ስፋትስ? እነዚህን ሦስቱን ጽፈሽ ስጪ።

አሮጌውን ፎም በጥፍርና በትንሽ አልኮል በቀስታ አንሺ፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ። ሱፐር ግሉ አይሁን፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ሙጫ ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ፎሙን ከኮኑ ጋር አጣብቂና ይድረቅ። ከዚያ ከብረቱ ጋር ስታጣብቂ ኮኑን በጣቶችሽ ደጋግመሽ ግፊው፤ ፍትጊያ ከሰማሽ ሙጫው ሳይደርቅ ትንሽ ወደ ጎን አስተካክይው። 24 ሰዓት ሳይሞላው አትክፈቺው።